«ድፍን ከሰል» ይባልልኝ

«ነጭ ቻርኮል» የሚለው አጠራር ከስልክ ወደ ስልክ እየተሻገረ ወልቂጤና ቡታጅራ ገብቷል። ያመጣው ቪዲዮ ነው፤ አንድ ጃፓናዊ በስንጥር የተሰካ የዶሮ ሥጋ፣ ነበልባል በሌለው ፍም ላይ ያገላብጣል። ያየ ሁሉ «እኔም ቤቴ ልሞክረው» ይላል። ይሞክር፤ እኔን ያናደደኝ ስሙ ነው። እናቱ ማንደጃ ፊት ተቀምጣ ስታራግብ እያየ ያደገ ልጅ፣ ዕቃው ከሩቅ አገር ሲመጣ ጊዜ «ከሰል» ማለት ያፍራል። በብር የሚሸጠው ከሰል፣ በዶላር የሚሸጠው ቻርኮል መሆኑ ነው እንግዲህ።

ነገሩን አብዛኛው አንባቢ ስለሚያውቀው ባጭሩ ልለፈው። በጃፓንኛ ስሙ ቢንቾታን ነው። ስመ ጥሩው በዋካያማ ክፍለ ግዛት፣ ኡባሜ ከሚባል ጠንካራ የባሉጥ ዝርያ የሚከስለው ነው። እንጨቱ በምድጃ ውስጥ ለቀናት በዝቅተኛ ሙቀት ይቆያል፤ መጨረሻ ላይ አየር ይለቀቅበትና ሙቀቱ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይወጣል። ያን ጊዜ አክሳዩ ፍሙን እንደጋለ ከምድጃው ይስብና ርጥብ አሸዋና አመድ ያለብሰዋል። ላዩ ላይ የሚቀረው አመድማ ገጽታ ነው «ነጭ» ያሰኘው። ሲበርድ ደንዳና ነው፤ ሁለቱን ሲያጋጩት እንደ ብረት ይጮኻል። ለመያያዝ ይዘገያል፤ ከተያያዘ ግን ለሰዓታት ሳይዋዥቅ ይነዳል፣ ጭሱም ትንሽ ነው። የኛ አገር አክሳይ በበኩሉ እንጨቱን ደርድሮ፣ ሣርና አፈር ከድኖ ያነደዋል፤ ከሰሉም እዚያው አፈሩ ውስጥ እንደተከደነ ይበርዳል። ዋናው ልዩነት ይኸው ነው።

ወደ ስሙ እንመለስ። «እንዳለ ቢንቾታን እንበለውና እንረፍ» የሚል ወገን አለ። ስሙ የመጣው በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1688 እስከ 1704 በቆየው በገንሮኩ ዘመን ከነበረ ቢቹያ ቾዛዔሞን ከሚባል የታናቤ ከተማ ከሰል ነጋዴ ነው። «ቢንቾ» የነጋዴው ስም ማሳጠሪያ ነው፤ «ታን» ከሰል ማለት ነው። ስለዚህ አሁን አሁን የምንሰማው «ቢንቾታን ከሰል» ሲፈታ «የቢንቾ ከሰል ከሰል» ይሆናል። በነጋዴ ስም ዕቃ መጥራት ለኛም እንግዳ አይደለም፤ የልብስ ሳሙና ዱቄትን ሁሉ ኦሞ፣ የታሸገ ውኃን ሁሉ ሃይላንድ ብለን ኖረናል። እነዚያን ስንቀበል ግን በእጃችን ሌላ ቃል አልነበረም። ከሰልን በተመለከተ እንዲህ ብሎ ማመካኘት አይቻልም፤ አማርኛ በእሳት ዙሪያ ያለው ሀብት የሚያስቀና ነው። ያልተያያዘውን ከሰል፣ የተያያዘውን ፍም እንላለን። ፍም ከግዕዙ ፍሕም የወረደ ነው፤ ዐረቦችም ከሰልን የሚጠሩት ከዚሁ ሥር በወጣ ቃል ነው። ከሱ ቀጥሎ ረመጥ አለ፣ ትንታግ አለ፣ ነበልባል አለ። ፍሙ ሲበረታ ፋመ፤ ጦርነትም ገበያም ሲበረታ ተፋፋመ። ከሰለ ብለን አከሰለ፣ አከሰለ ብለን አክሳይ እናወጣለን። ይህን ሁሉ የያዘ ሰው ቻርኮል ሲበደር ማየት ያሳዝናል።

«ቻርኮል»ን ጥለን «ነጭ ከሰል» ብንልስ? ጃፓኖች ራሳቸው ከጥቁሩ ለመለየት «ነጭ» ይሉታልና ትርጉሙ ታማኝ ነው። በኛ ጆሮ ግን አይሠራም። ለአማርኛ ተናጋሪ ከሰል የጥቁረት መለኪያ ነው፤ የነጣ ከሰል ሲሉት ነዶ ያለቀ፣ አመድ የሆነ ነገር ይታየዋል። ገዢ ይህን ስም ሰምቶ ገንዘቡን አያወጣም።

«ጭስ አልባ ከሰል» የሚለውን ከሁሉ በላይ እቃወመዋለሁ፤ የዚህ ጣጣ ከሰዋስው ያልፋል። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ጭስ ታየ አልታየ እሱ አለ። በክረምት ማንደጃ ቤት አስገብተው በር ዘግተው ተኝተው የቀሩ ሰዎች ታሪክ በየሰፈሩ ይታወቃል። ብዙዎቹ «ጭሱ ወጥቶለታል» ብለው ነው ያስገቡት። የጃፓኑም ከሰል ከዚህ ነፃ አይደለም፤ በደጅ ወይም አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ብቻ ነው የሚነደው። እንዲህ ያለውን ዕቃ «ጭስ አልባ» ብሎ መሸጥ ሰውን ማዘናጋት ነው።

«የባሕር ከሰል» ያለኝ ወዳጅ አለኝ፤ ጨዋታ ዐዋቂ ነው። የጉራጌን መንደሮች የከበበው ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ሲገባ አባቶቻችን የፈረንጅ ስሙን ሳይለምኑ ባሕር ዛፍ ብለው ገላገሉን፤ በቆሎንም የባሕር ማሽላ ያለ አገር አለ። የአሰያየሙን ስልት እወደዋለሁ፤ ለዚህ ዕቃ ግን አይመቸኝም። ባሕር ዛፍ ያልነው ዘሩ ስላልነበረን ነው። ከሰሉማ አለን፤ የመጣልን አሠራሩ ነው። ደግሞም በዚሁ ስልት ዛሬ ላኦስና ቬትናም ከሌላ እንጨት ያከስላሉ። ነገ አንድ የወልቂጤ ወጣት በራሱ እንጨት ቢያከስል «የጃፓን ከሰል» ወይም «የባሕር ከሰል» የሚለው ስም ሐሰት ይሆንበታል።

እንግዲህ ስሙ ከአሠራሩ ይውጣ ካልን፣ ሥራው ያለው መጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ነው፤ የጋለውን ፍም አመድ ማልበሱ ላይ። ለዚህ አማርኛ ግስ አለው፤ ዳፈነ። እሳት መዳፈን ያላየ የገጠር ልጅ የለም። ማታ ፍሙ በአመድ ይለበሳል፤ ጠዋት አመዱ ተገልጦ ይጫራል፤ ያልዳፈነ ጎረቤት እሳት ሊጭር ይመጣል። ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ይህ የየማታው የቤት ሥራ ነበር፤ ምድጃው መሐል ቤት በሆነበት የጉራጌ ጎጆም እንዲሁ።

ከዚህ ተነሥቼ «ድፍን ከሰል» እላለሁ። ሰዋስው ዐዋቂ እዚህ ላይ እጁን ያነሣል፤ ድፍን የደፈነ ልጅ እንጂ የዳፈነ አይደለም ይላል። ልክ ነው። ደፈነ ቀዳዳ የሚሞላ ነው፣ ዳፈነ እሳት የሚያለብስ፤ ወንድማማች ግሶች ናቸው። እኔ ግን ስሙን የመረጥሁት ሁለቱን ባንድ ስለሚጠራልኝ ነው። ድፍን ምስር ያልተከካ፣ ድፍን ቅል አፍ ያልወጣለት፣ ድፍን ሌሊት ያልተቋረጠ ነው። ይህ ከሰልም ሰውነቱ የጠጠረ፣ ሳይሰበር እንዳለ የሚሸጥ ነው። «ድፍን ከሰል ስጠኝ» ቢሉት ትልልቁን እየመረጠ የሚሰጥ ነጋዴ እንኳ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። ድፍን ቅል ስድብም ነው የሚለኝ ቢኖር፣ ለመያያዝ መዘግየቱ ስድቡንም በጥቂቱ ያስገባዋል።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። እናቶቻችን የሚዳፍኑት እሳቱ እንዲያድር ነው፤ ጃፓናዊው አክሳይ የሚዳፍነው እንዲጠፋ ነው። ዓላማቸው ተቃራኒ ነው። ግሱ ግን ሁለቱንም ይዟል። «ጉዳዩ ተዳፍኖ ቀረ» ስንል ጠዋት ይጫራል ብለን አይደለም።

ረመጥን አስቤ ትቼዋለሁ፤ «የረመጥ ከሰል» ለጆሮ ያምራል፣ ረመጥ ግን ትኩስ አመድ ከነፍንጣሪው እንጂ ይህን የመሰለ ድንጋይ አይደለም። ድንጋይ ካልንም «የድንጋይ ከሰል» ከመሬት ተቆፍሮ ለሚወጣው ተሰጥቷል። አፈነ ከሚለው «እፍን ከሰል» ማውጣት ይቻል ነበር፤ ዘንድሮ ግን አፈነን የሰማ ሰው ወዲያው የሚያስበው ስለ ጠለፋ ነው።

ስም ማውጣት እንደማያቅተን ምስክሯ ላቀች ናት። በ1980ዎቹ ከሰል ቆጣቢው ማንደጃ ሲወጣ ላቀች ተባለች፤ ከተራው የቆርቆሮ ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች፣ ስሟም ይህንኑ ይናገራል። ገበያተኛው «ኢምፕሩቭድ ስቶቭ» ብሎ ሲጠራት ሰምቼ አላውቅም። በአንጻሩ የአዊ ገበሬ ለከሰል የሚተክለውን ግራር ከነላቲኑ ዲከረንስ ይለዋል፤ ቀድሞ የደረሰለት የባለሙያው ቃል ነበርና። ቃል የሚቀረው ቀድሞ ለደረሰው ነው፤ እኔም የቸኮልሁት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል፤ «ግሪል»። ጥብስ የሚለው ቃላችን የመጥበሻውንም የእሳቱንም ስለሚያጠቃልል፣ ለመለየት ሲባል ፈረንጅኛው ገባ። «የፍም ጥብስ» ቢባል በቂ ነው፤ የቡታጅራ ሥጋ ቆራጭ ሳይተረጎምለት ይገባዋል። ለሞካሪውም ከቃሉ ጋር ይህን ልስጠው። ድፍን ከሰል በአንዴ ኃይለኛ እሳት ላይ ከተጣለ ይፈነዳል፣ ፍንጣሪውም ዐይን አይምርም። ከሥር ተራ ከሰል ያያይዙ፣ ድፍኑን ከላይ ይደርድሩ፣ ሳይጣደፉ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይታገሡ። ሥጋው በቀጭኑ ይዘልዘል፤ ፍሙ ኃይለኛ ነውና ወፍራሙ ውስጡ ሳይበስል ላዩ ያርራል። ሲጨርሱ የተረፈውን ፍም በመቆንጠጫ አንሥተው ክዳን ያለው የሸክላ ወይም የብረት ዕቃ ውስጥ ይክደኑት፤ አየር ሲያጣ ይጠፋል፣ ለሌላ ቀን ጥብስም ይደርሳል።