የፋርሚንግተን ሸለቆና የነፃነት ፈላጊዎች ዱካ

በአሜሪካ የኮኔቲከት ግዛት ዋና ከተማ ከሆነችው ከሃርትፎርድ በስተምዕራብ፣ የፋርሚንግተንን ወንዝ ተከትለው የተቆረቆሩ ትንንሽ ከተሞች አሉ። ፋርሚንግተን፣ ኤቨን፣ ሲምስበሪ፣ ካንተንና ግራንቢ ይባላሉ። ብዙዎቹ ነዋሪዎች ጠዋት ለሥራ ወጥተው ማታ የሚገቡባቸው ጸጥ ያሉ ከተሞች ናቸው። ጎብኚው በታልኮት ተራራ ላይ በ1914 የተሠራውን፣ ቁመቱ 50 ሜትር የሚደርሰውን የሆይብላይን ማማ ወጥቶ ሸለቆውን ቁልቁል ያያል፤ ወይም ሂል-ስቴድ በሚባለው ቤተ መዘክር የሞኔንና የደጋን ሥዕሎች ይመለከታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁሉ ለዓይን የሚታየው ነው። ሸለቆው ግን ለጥቁር ሕዝብ ታሪክ ትልቅ ስፍራ ያላቸው ሰዎች አልፈውበታል። ብዙው መንገደኛ ይህን ሳያውቅ ያልፋል።

የአሚስታድ ሰዎች

በ1839 ከዛሬዋ ሴራሊዮን አካባቢ ታፍነው ኩባ ውስጥ የተሸጡ 53 አፍሪካውያን፣ አሚስታድ በምትባል መርከብ ከሃቫና ሲጓዙ፣ ሴንግቤ ፒዬ በተባለው ሰው መሪነት ተነሥተው መርከቧን ያዙ። ወደ አገራቸው እንዲመልሷቸው የታዘዙት ሁለት ስፔናውያን ግን ቀን ወደ ምሥራቅ፣ ሌሊት ወደ ሰሜን አሜሪካ እያዞሩ አታለሏቸው። በኦገስት ወር መርከቧ በሎንግ አይላንድ አጠገብ ተያዘች፤ ሰዎቹም ኒው ሄቭን ታሠሩ።

ቋንቋቸውን የሚሰማ በመጥፋቱ አቤቱታቸውን ማሰማት አልቻሉም ነበር። ጆሳያ ጊብስ የተባለው የየል መምህር ከእነርሱ ከአንድ እስከ አሥር መቁጠርን ተምሮ በኒው ዮርክ ወደብ ጮክ ብሎ እየቆጠረ ሲዞር፣ ሜንዴኛ የሚያውቅ ጄምስ ኮቪ የተባለ መርከበኛ አገኘ። እስረኞቹ አንደበት አገኙ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ጥብቅና ቆመውላቸው፣ በማርች 1841 ነፃ ተለቀቁ።

ነፃ ቢወጡም ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ገንዘብ አልነበራቸውም። በዚህ ጊዜ የተቀበለቻቸው ፋርሚንግተን ናት። ባርነትን የሚቃወሙ ነዋሪዎች ማደሪያ ሰጧቸው፤ ማንበብና መጻፍ እየተማሩ፣ መሬት እያረሱ ከረሙ። በ1771 በተሠራው የከተማው ቤተ ክርስቲያን ከነዋሪው ጋር አብረው ጸለዩ። ሁሉም ሰው አልወደዳቸውም፤ ከተማው በባርነት ጉዳይ የተከፋፈለ ነበር። ቢሆንም በየስፍራው እየዞሩ ታሪካቸውን በመናገር ለጉዟቸው ገንዘብ አሰባሰቡ።

ከመካከላቸው አንዱ አገሩን ሳያይ ቀረ። ፉኔ የተባለው ወጣት በኦገስት 1841 በፋርሚንግተን ቦይ ውስጥ ሰምጦ ሞተ። መቃብሩ ዛሬም በወንዙ አቅራቢያ በሚገኘው መካነ መቃብር ይታያል። የተረፉት 35 ሰዎች በኖቬምበር ተሳፍረው በጃንዋሪ 1842 ሴራሊዮን ገቡ። ጀልባ ይመላለስበት የነበረው ቦይ በ1840ዎቹ መጨረሻ ሥራውን አቆመና በባቡር ሐዲድ ተተካ፤ ዛሬ ደግሞ መስመሩ በአብዛኛው የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ ሆኗል።

የኮሊንስቪል ብረት

ከወንዙ ሽቅብ በካንተን ውስጥ ኮሊንስቪል የምትባል መንደር አለች። በ1826 የተቋቋመው የኮሊንስ ኩባንያ መጥረቢያና ቆንጨራ እየሠራ እስከ 1966 ቆይቷል። ባርነትን በጦር መሣሪያ ለማጥፋት የተነሣው ጆን ብራውን፣ በ1857 በዚያ ይሠራ ለነበረ አንጥረኛ አንድ ሺህ ጦር እንዲያዘጋጅለት አዘዘ። ጦሮቹ በ1859 ለሃርፐርስ ፌሪው ዘመቻ ተላኩ። ዘመቻው ከሸፈ፤ ብራውንም ተሰቀለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነት ተቃጠለች።

የትምባሆው እርሻ ተማሪ

በ1944 ክረምት ከአትላንታ የመጣ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ለኮሌጅ ትምህርቱ ገንዘብ ለማግኘት በሲምስበሪ የትምባሆ እርሻ ተቀጠረ። ስሙ ማርቲን ሉተር ኪንግ ነበር። ጥቁርና ነጭ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ሲቀመጡ፣ ከነጮች ጋር በአንድ ምግብ ቤት መብላት ሲፈቀድ ያየው በዚያ ክረምት ነው። ይህንንም ለወላጆቹ በመገረም ጽፎላቸዋል። ወደ ደቡብ ሲመለስ ግን በባቡሩ ለጥቁሮች ወደተለየው ክፍል መዛወር ነበረበት፤ ያ ውርደት ከልቡ አልወጣም። ሰባኪ የመሆን ጥሪም የተሰማው በዚያው ክረምት መሆኑን በኋላ ገልጿል። በ1947ም ወደዚያው እርሻ ተመልሶ ሠርቷል።

ይህ ታሪክ በከተማው ለብዙ ዓመታት እንደ ወሬ ብቻ ሲነገር ኖረ። ኋላ የሲምስበሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ሰነድ አገላብጠው፣ አዛውንቶችን ጠይቀው ፊልም ሠሩበት። በ2021 ነዋሪው በድምፅ ወስኖ፣ ሦስት ጋሻ የሚጠጋውን የቀድሞ የትምባሆ እርሻ መሬት ቤት እንዳይሠራበት በከተማው ስም አስገዛ።

ታሪክ በራሱ አይጠበቅም። ፉኔን ያስታወሰው አንድ የመቃብር ድንጋይ ነው፤ የኪንግንም ክረምት ከመረሳት ያዳኑት ደብዳቤዎችና ጠያቂ ልጆች ናቸው። በሰው አገር የሚኖር ማኅበረሰብ ሁሉ ከዚህ ሸለቆ የሚማረው አለ፤ የአባቶቹን መምጣትና መሥራት ካልጻፈ፣ ልጆቹም ካልጠየቁ፣ የኖረበት ስፍራ ሌላው ሰው ሳያውቅ የሚያልፍበት መንገድ ሆኖ ይቀራል።