«ለጊዜው ነው»

በከተሞቻችን «ለጊዜው» የሚለውን ቃል ያህል ዕድሜው የረዘመ ቃል የለም። ሕንፃ ሲጀመር የቆርቆሮ አጥሩ ወደ መንገድ ይወጣል፣ የአጣና መወጣጫ ይቆማል፣ አሸዋና ጠጠር ይራገፋል። ባለቤቱን ብትጠይቁት «ለጊዜው ነው» ይላችኋል። ለመሆኑ ይህን «ጊዜ» የሚሰጠው ማነው?

መልሱን ለማግኘት ወደ ኋላ እንመለስ። እንግሊዛዊው ቆንስል ሮበርት ቺዝማን ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ዳንግላ ተቀምጦ ሲሠራ፣ የአገሩ መንገድ የበቅሎና የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነበር። ዛፍ ቢወድቅበት መንገደኛው በመስኩ ዞሮ ያልፋል። ዞሮ ማለፍ በሚቻልበት አገር ደግሞ የመንገድ ዳር ፈቃድ ብሎ ነገር ትርጉም የለውም።

ፈቃድ አስፈላጊ የሆነው መንገድ ተለክቶ መሠራት ሲጀምር ነው። በ1937 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 74 ማዘጋጃ ቤቶችን በሕግ መልክ አስያዘ። በ1943 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበደረን፤ በዚያው ዓመት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ስለዚህ ከተማን አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ ሁለት ጠባቂ አገኘ ማለት ነው፤ አንዱ የአገሩን ጉዞ፣ ሌላው የከተማውን ነዋሪ የሚያይ።

እንጅባራና ዳንግላ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት ለሁለቱም ዋና ጎዳናቸው ነው። ከእንጅባራ ወደ ቻግኒ የሚታጠፈውም አለ። እዚህ መስመር ዳር የተራገፈ አንድ ቢያጆ አሸዋ ተማሪውን፣ ባለ ጋሪውንና ባጃጁን ከከባድ መኪና ጋር አንድ አስፋልት ላይ ያገናኛቸዋል። የአዊ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው አሸዋ ታጥቦ የውሃ መውረጃውን ይደፍናል።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድና ጎዳናን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደበ ሀብት ቆጥሮታል። እንዲህ ያለውን ሀብት ብዙ ዘመን ይዤዋለሁ በማለት የግል ማድረግ እንደማይቻልም ደንግጓል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደግሞ 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች የሕንፃ ሹም አመጣ፤ ግንባታ የሰውን ደህንነት እንዳይጎዳም ግዴታ ጣለ።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ብዙ ሰው የግንባታ ፈቃድ ሲያገኝ መንገዱንም አብሮ ያገኘ ይመስለዋል። እነዚህ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የግንባታ ፈቃድ በራስ ይዞታ ላይ ለመሥራት ነው። ከይዞታው ወሰን አልፎ የወጣ አጥርና መወጣጫ ግን ከሕዝብ የተወሰደ ብድር ነው። ብድር ደግሞ የመመለሻ ቀን አለው።

የመመለሻ ቀን ካልተቆረጠ ምን እንደሚሆን ከኒውዮርክ መማር ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1979 ከሕንፃ ላይ የወደቀ ቁራጭ አንዲት ተማሪ ገደለ፤ በማግስቱ ዓመት ከተማዋ የሕንፃ ግንባሮች በየጊዜው እንዲፈተሹ ሕግ አወጣች። እግረኛውን ለመከለል በየእግረኛ መንገዱ የቆሙት ጊዜያዊ መጠለያዎች ግን አንዳንዶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይነሱ ቆዩ። ባለ ንብረቱ ሕንፃውን ከማደስ መጠለያውን ማቆየት ረከሰለት። እንግሊዞች በበኩላቸው እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት የአውራ ጎዳና ሕግ በመንገድ ላይ መወጣጫ የሚያቆም ሰው ፈቃድ እንዲያወጣና ሌሊት መብራት እንዲያበራበት አስገደዱ።

ከተሞቻችን ሌላ ትልቅ አዋጅ አያስፈልጋቸውም። አጥሩ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል፦ ስንት ሜትር ተፈቀደ፣ እግረኛው በየት ይለፍ፣ ተጠያቂው ማነው፣ መቼ ይነሳል። ቀኑ ካለፈ በኋላ በየዕለቱ የሚጨምር ክፍያ ይኑረው። ማዘጋጃ ቤቱም ለራሱ ፕሮጀክት ያጠረውን በዚሁ ሚዛን ይለካ፤ መንግሥት ያጠረው አጥርም እግረኛን ወደ አስፋልት ይገፋልና።

የሚሠራ ሰው ቦታ እንደሚያስፈልገው እናውቃለን። ከተማ ያለ አሸዋና ያለ አጣና አያድግም። ነገር ግን የሁሉም የሆነ መንገድ የማንም እንዳልሆነ ሲቆጠር፣ ዋጋውን የሚከፍለው ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅ ነው።