የእንፋሎት ስም በፉሪ

ወደ ፉሪ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ «ባቡር ጣቢያ ወራጅ አለ!» ሲባል ማንም ዘወር ብሎ አያይም። ቃሉን ለምደነዋል። እኔን ግን ሁልጊዜ ያሳስበኛል። ከፉሪ-ለቡ ጣቢያ ተነስቶ ጅቡቲ የሚገባው ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ጭስም እንፋሎትም የለውም፤ ስሙ ግን «እንፋሎት» ማለት ነው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ቫፖር» እንፋሎት ነው፤ እንግሊዝኛም ለተን እስከ ዛሬ ይጠቀምበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንፋሎት የሚሄድ መርከብ ሲመጣ ጣሊያኖችና ፈረንሳዮች መርከቡን በእንፋሎቱ ጠሩት። ቱርኮች «ቫፑር» አሉት፤ የኢስታንቡል ሰው የከተማውን ማመላለሻ ጀልባ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራዋል። ዐረብኛ የ«ቨ» ድምፅ ስለሌለው በዚያ አፍ «ዋቡር» እና «ባቡር» ሆነ። እኛም ዘንድ የደረሰው በዚህ መልኩ ነው።

እንግዲህ ባቡር መጀመሪያ መርከብ ነበር ማለት ነው። «ምድር ባቡር» የምንለውን አስቡት። ባቡር በምድር ካልሆነ በሌላ በየት ሊሄድ ነው «ምድር» መባሉ? በእኔ እምነት ስያሜው የወጣው የባሕሩ ባቡር ቀድሞ ይታወቅ ስለነበረ ነው። ዛሬ የባሕሩ ተረስቶ የምድሩ ብቻ ቀረ፤ «ምድር» የሚለው ቅጽል ግን በመሥሪያ ቤቱ ስም ላይ እንደ ተለጠፈ ነው።

አዲስ አበባ ቃሉን ያወቀችው ሐዲድ ሳይደርስባት በፊት ነው። በ1890ዎቹ አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለመንገድ ሥራ የሚሆን በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና አስመጣ። ሐዲድ አያሻውም፤ በራሱ ጎማ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ሕዝቡ ግን ሳያመነታ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። እንፋሎት ነዋ! ለዚያ ዘመን ሰው ባቡርነት በኃይሉ እንጂ በሐዲዱ አልነበረም። በሰሜኑ ገጠር የእህል ወፍጮን «ባቡር» የሚሉ ሰዎችም የዚሁ አጠራር ወራሾች ናቸው። እህሏን ተሸክማ «ባቡር ልሂድ» የምትል እናት የከተማ ሰው ፈገግ ሊልባት አይገባም፤ የድሮውን ትርጉም የጠበቀችው እሷ ናት።

ሐዲዱ ራሱ ብዙ ጊዜ ፈጀ። ዐፄ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ነው። 784 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ያ መስመር ብረት ብቻ አላመጣም፤ ቃልም ጭኖ መጥቷል። «ሐዲድ» በዐረብኛ ብረት ነው። «ፉርጎ» የፈረንሳዮቹ «ፉርጎን» ነው። «ለገሃር»ም «ላ ጋር» ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው።

እንግሊዞች በሌላ መንገድ ሄዱ። «ትሬን» የሚሉት ከፈረንሳይኛ መጎተት ከሚል ግስ የወሰዱትን ነው። ቀድሞ መሬት ለመሬት የሚጎተት የቀሚስ ጫፍ ነበር፤ የሙሽራ ቬሎ ጭራ ዛሬም በእንግሊዝኛ ትሬን ነው። ከዚያ ተከታትሎ የሚሄድ አጀብ ሆነ፤ በኋላም ተቀጣጥሎ የሚጎተት ፉርጎ። እነሱ ኋላ የሚጎተተውን አይተው ሰየሙ፤ የእኛ ቃል ፊት የሚጎትተውን። እኔ የእኛን አብልጬ እወዳለሁ፤ እሳትና ውኃ ተዋህደው ብረት ሲያስኬዱ ያየ ሰው ግርምት አለበት።

በድሮው መስመር ላይ እንኳ እንፋሎት ብዙ አልቆየም፤ ከ1940ዎቹ ጀምሮ በናፍጣ ሞተር ተተካ። ስሙን የነካው የለም። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር ፉሪ-ለቡ ላይ ሲመረቅም ሌላ ስም ይውጣለት ያለ አልሰማሁም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በከተማው ውስጥ የተጀመረውንም «ቀላል ባቡር» ብለነዋል፤ ቃል በቃል ቢፈታ ቀላል እንፋሎት።

ለገሃር ዛሬ የጅቡቲ ባቡር አይነሳበትም፤ የታክሲ ረዳቶች ግን ስሙን እየጠሩ ይጭናሉ። ፉሪ ደግሞ ባቡሩ አለ፣ የፈረንሳይ ስም ግን አልወጣለትም። ሻንጣውን ይዞ ወደ ድሬዳዋ የሚጓዘው መንገደኛ በር ላይ ደርሶ በስልኩ «ባቡር ጣቢያ ነኝ» ይላል።