የቤተሰቡን መኪና የሚመርጠው ማን ነው?

ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚኖር፣ ግቢው ውስጥ አንድ የቆየች ኮሮላ ወይም ቪትዝ ያለው ቤተሰብ ሁለተኛ መኪና ለመግዛት ሲነሳ ክርክሩ የታወቀ ነው። ልጆቹ፣ አያትየዋ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳውና የቅዳሜው አስቤዛ አንድ ላይ የሚገቡባት ሰፊ መኪና ትፈለጋለች። የሚነዳው ሰው ደግሞ ነዳጅ ሲረግጥ የምትታዘዝለት፣ መንዳቷ ራሱ ደስ የሚል መኪና ይመኛል። ይህ በሌላ አገር የጣዕም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ላለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ባልና ሚስት ተከራክረው ሳይጨርሱ የታክስ አዋጅ ቀድሞ መርጦላቸዋል።

መኪና አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣት ነበረች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ መኪና የቤተ መንግሥት፣ የመኳንንትና የኤምባሲ ዕቃ ሆኖ ቆየ። ተራው የከተማ ሰው የደረሰው ትንንሹን ነው፤ በንጉሡ ዘመን ቮልስና ታክሲ ሆኖ "ሰይቼንቶ" የተባለው ፊያት 600፣ በደርግ ዘመን ላዳ። አንድ መኪና ያለው ቤት ራሱ ብርቅ በነበረበት ጊዜ የሁለተኛዋ ነገር ብዙም አይነሳም ነበር።

ሂሳቡ የተቀየረው በ1995 ዓ.ም. የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307 ሲወጣ ነው። አዋጁ የቤት መኪናን በሞተሩ መጠን ለሦስት ከፈለ፦ እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። በዚህ ላይ 35 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ፣ 15 በመቶ ቫት፣ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ሱር ታክስ አለ። አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ ስለሚሰላ ወደብ ስትደርስ 100 ሺህ ብር የምታወጣ መኪና ሞተሯ ትንሽ ከሆነ 222 ሺህ፣ ትልቅ ከሆነ 341 ሺህ ብር ገደማ ትሆን ነበር። ልዩነቱ የመቀመጫ ወይም የምቾት አልነበረም፤ የሲሲ ብቻ ነበር።

ከተማዋን ቪትዝና ያሪስ የሞላት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አስቂኙ ነገር ግን አዲስ አበባ ያለችበት ከፍታ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ይገኛል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ አየሩ እየሳሳ ሲሄድ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ አንድ ሺህ ሲሲ የሆነች ቪትዝ ገና ከግቢ ሳትወጣ ሩብ የሚጠጋ ጉልበቷን አጥታለች። አምስት ሰው ጭና እንጦጦን ስትወጣ ኤሲውን ማጥፋት የግድ ይሆናል። ትልቅ ሞተር በጣም የሚያስፈልጋትን ከተማ ትንሽ ሞተር እንድትገዛ ያደረገ ሕግ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 አዲስ ትንሽ መኪናን ወደ 5 በመቶ አውርዶ ያረጀውን እስከ 500 በመቶ ሰቀለው። ዓላማው ጭስና አደጋን መቀነስ ነበር፤ ክፉ ሐሳብም አልነበረም። ሱዙኪ ዲዛየር ከተማውን ያጥለቀለቀው ከዚህ ወዲህ ነው። ቀድማ የገባችው አሮጌ ኮሮላ ግን ምትክ ስላጣች ባረጀች ቁጥር ዋጋዋ ጨመረ። ሰፊ መኪና የፈለገ ቤተሰብ አሁንም በሩ ተዘግቶበት ቆየ።

በሩን የከፈተው ባትሪ ነው። የገንዘብ ሚኒስቴር በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናን ከኤክሳይስ፣ ከቫትና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ፤ ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ ቀረጥ ብቻ እንዲከፍል ተደረገ። በዚያው ስሌት 100 ሺህ ብሩ 115 ሺህ ሆነ ማለት ነው። የነዳጅ ሞተር ስለሌላት የሚለካ ሲሲ የላትም፤ ሰባት ሰው የምትጭነውም ትንሿም እኩል እንዲቀረጡ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉን አስታወቀ። በቦሌ የመኪና መሸጫዎች ቢዋይዲ፣ የቮልስዋገን አይዲ 4ና ባለ ሦስት ረድፏ አይዲ 6 የተደረደሩት እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይስብ ከፍታ አያደክመውም። ሰፊ የሆነችው መኪና ስትረገጥም የምትፈናጠር ሆነች፤ ለአዲስ አበባ ቤተሰብ ሁለቱ ሲገጥሙለት ይህ የመጀመሪያው ይመስላል።

ይህንንም ቢሆን የሰጠው አዋጅና መመሪያ ነው፤ በመመሪያ የመጣ በመመሪያ ሊሄድ ይችላል። ዋጋውም የዶላር ነው፤ በሐምሌ 2016 ብሩ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ 100 ብርን አልፏል። አይዲ 6 የተሠራችው ለቻይና ገበያ ብቻ በመሆኑ ስክሪኗ ቻይንኛ ያወራል፤ መለዋወጫዋም ሰው ፍለጋ ያስኬዳል። ግቢ ያለው ማታ ቤቱ ቻርጅ ያደርጋል፤ አፓርታማ አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖረው ግን ገመዱን ከየት ይዘርጋ? ከአዲስ አበባ ወጣ ሲባል ደግሞ ቻርጅ ማድረጊያ ፍለጋው ሌላ ጣጣ ነው። ብዙ ቤት ውስጥ አዲሷ ገብታ አሮጌዋ ኮሮላ የማትሸጠው ለዚህ ነው፤ ባሕር ዳር ለቅሶ ሲኖር የምትነሳው እሷ ናት።