ሽንትን አይቶ ሕመምን ስለ መለየት

ሐኪም የበሽተኛውን ሽንት መመርመሩ የዘመናችን ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በመካከለኛው ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ሐኪሞች ማቱላ በሚባል ፊኛ መሰል ብርጭቆ ሽንቱን ወደ ብርሃን እያነሡ ቀለሙንና አተላውን ይመለከቱ ነበር። በዚያ ዘመን ሥዕሎችም ሐኪም የሚታወቀው ያንን ብርጭቆ በመያዙ ነው። ነገሩ ግን ከልክ አለፈ፤ በሽተኛውን ሳያዩ የተላከላቸውን ሽንት ብቻ ተመልክተው ሕመሙን እንናገራለን የሚሉ ተነሡ። ቶማስ ብራያን የተባለ እንግሊዛዊ በ1637 ዓ.ም. (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ሰዎች የሽንት ነቢያት ሲል ዘልፏቸዋል። ዘለፋውም የተገባ ነበረ።

የተሻለው መንገድ የመጣው ካልታሰበ ስፍራ፣ ከቢራ ፋብሪካ ነው። ፔተር ግሪስ የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ በእንግሊዝ አገር፣ በበርተን ከተማ በሚገኝ ቢራ ፋብሪካ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በ1879 ዓ.ም. ናይትራይት የተባለውን ጨው እጅግ ጥቂት ቢሆን እንኳ በቀይ ቀለም የሚገልጥ መፈተኛ አወጣ።

ይህ ለሽንት ምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። ከምንበላው አትክልት የሚመጣው ናይትሬት በጤነኛ ሰው ሽንት ውስጥ ይገኛል፤ ናይትራይት ግን አይገኝም። ኢ. ኮላይን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ወደ ፊኛ ሲገቡ የመጀመሪያውን ወደ ሁለተኛው ይለውጡታል፤ ስለዚህ የቀለሙ መታየት ባክቴሪያ መኖሩን ያስታውቃል። ለውጡ ጊዜ ስለሚፈልግ ሽንቱ አራት ሰዓት ያህል በፊኛ ውስጥ ቢቆይ መልካም ነው፤ የማለዳው የሚመረጠውም ስለዚህ ነው። ይህን ለውጥ የማያደርጉ ባክቴሪያዎችም ስላሉ፣ ቀለሙ አልታየም ማለት በሽታ የለም ማለት አይደለም።

በ1956 ዓ.ም. አልፍሬድና ሄለን ፍሪ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት የደከሙበት፣ በሽንት ውስጥ ስኳርን የሚያሳይ ወረቀት ለገበያ ቀረበ። የናይትራይቱም ፈተና ኋላ እንዲሁ በወረቀት ላይ ሰፈረ፤ የነጭ የደም ሕዋሳትን ምልክት የሚያሳየውም ተጨመረለት። በዚያው ዓመት ኤድዋርድ ካስ የተባለ የቦስተን ሐኪም በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት 100,000 ባክቴሪያ መገኘት የእውነተኛ ሕመም ምልክት መሆኑን ጻፈ። ምንም ሕመም የማይሰማቸው እርጉዞችም ይህን ያህል ባክቴሪያ እንደሚገኝባቸው፣ ካልታከሙም ብዙዎቹ በኩላሊት ሕመም እንደሚወድቁ አሳየ።

ወረቀቱ ውጤቱን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይሰጣል፤ ባክቴሪያውን አብቅሎ ማየት ግን አንድና ሁለት ቀን ይፈጃል። ቢሆንም የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ለእርጉዞች የመረጠው የዘገየውን ነው፤ ማብቀል በማይቻልበት ጤና ጣቢያም ሽንቱን በግራም ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ማየትን ከወረቀቱ ያስቀድማል።