በዶርም በር ላይ የተለጠፈ ምልክት፦ ቦስተን ኮሌጅ፣ 2013

በማርች 2013 አሜሪካ ውስጥ ቦስተን ኮሌጅ የሚማሩ አንዳንድ ተማሪዎች ከአስተዳደሩ ደብዳቤ ደረሳቸው። ጥፋታቸው ምን ነበር? በዶርም ክፍላቸው ኮንዶምና ስለ ወሲብ ጤና የሚያስረዱ ወረቀቶች ያስቀምጡና ለጠየቀ ሁሉ በነፃ ይሰጡ ነበር። በራቸው ላይም ምልክት ለጥፈዋል። ደብዳቤው ነገሩ ከካቶሊክ ተቋሙ እሴት ጋር እንደማይሄድ ገልጾ፣ ከቀጠሉ በዲሲፕሊን እንደሚጠየቁ አስጠነቀቃቸው።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። የማሳቹሴትስ ግዛት ላላገባ ሰው የእርግዝና መከላከያ መስጠትን ወንጀል የሚያደርግ አሮጌ ሕግ ነበራት። በኤፕሪል 1967 ቢል ቤርድ የተባለ የመብት ተሟጋች በተማሪዎች ተጋብዞ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ መጣ (ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ሌላ ትምህርት ቤት ነው)። ንግግሩን ሲጨርስ ለአንዲት የ19 ዓመት ወጣት የመከላከያ አረፋ ሰጣት፣ ፖሊስም እዚያው ያዘው። ሆን ብሎ ነው ያደረገው፤ ሕጉ ፍርድ ቤት እንዲቀርብለት ፈልጎ ነበር። ታሰረም። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያላገባም ሰው እንዳገባው እኩል መብት አለው ብሎ ፈረደለት።

በመሀሉ፣ በ1968፣ ጳጳሱ ጳውሎስ ስድስተኛ ሰው ሠራሽ መከላከያ ክልክል መሆኑን አጸኑ። መንግሥት ሊከፍተው የነበረውን በር ቤተ ክርስቲያኗ ለልጆቿ ዘጋችው ማለት ነው። ቦስተን ኮሌጅን ደግሞ በ1863 የመሠረቱት ኢየሱሳውያን ናቸው። አዎ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ጣና ዙሪያ የነበሩት፣ በኋላ ፋሲለደስ ያባረራቸው ማኅበር።

የ2013ቱ ተማሪዎች የገጠማቸው ችግር ከቤርድ ይለያል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመናገር ነፃነትን የሚጠብቀው ከመንግሥት እጅ ነው፤ የግል ኮሌጅን በቀጥታ አያስገድድም። የሲቪል ነፃነቶች ኅብረት የማሳቹሴትስ ቅርንጫፍ ከጎናቸው ቢቆምም፣ ዋናው ክርክር የቤት ውስጥ ክርክር ሆኖ ቀረ። እኔን የሚስበኝም ይሄ ነው። ኢየሱሳውያን ትምህርት ቤቶቻቸው ሙሉውን ሰው እንደሚንከባከቡ ይናገራሉ። ታዲያ ሙሉ ሰው ከተባለ ገላው የት ሄደ? ኮሌጁን ኋላ ቀር ብሎ ማለፍ ቀላል ነው፤ ግን ተማሪው ካቶሊክ መሆኑን እያወቀ ነው የገባበት፣ ተቋሙም እምነቱን የመጠበቅ መብት አለው። ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዕቃውን መከልከልና ዕውቀቱን መከልከል አንድ ናቸው ወይ? ምልክቱ ከበሩ ሲነሳ ወረቀቱም አብሮ ይነሳል።

እኛም ከዚህ ሩቅ አይደለንም። በ1980ዎቹ ከኢትዮጵያ የመጡት ልጆች በአብዛኛው ወደ መንግሥታዊ ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶችና ወደ ፕኒሚያ ነው የተላኩት። ቤት ውስጥ ነውር የሆነውን ጥያቄ እዚያ ለማን ይጠይቁት ነበር? ወላጆቻችሁን ጠይቋቸው፣ ካላፈሩ።

ቦስተን ላይ ግን ተማሪዎቹ አላቆሙም። ከግቢው ወጥተው የከተማው በሆነው የእግረኛ መንገድ ላይ ማደል ያዙ። በ2018 በተደረገ የተማሪዎች ድምፅ አሰጣጥ አብዛኛው ድምፅ ሰጪ ደገፋቸው፤ አስተዳደሩ ግን አቋሙን አልለወጠም።