ሱስና ወገን

ሱስ የያዘውን ሰው ከወገኑ ለይቶ ማራቅ ይሻላልን? ወይስ በወገኑ መካከል አኑሮ መያዝ? ይህ ጥያቄ ልጁ በሱስ የተማረከበትን ወላጅ፥ ተማሪው ከትምህርት የቀረበትን መምህር፥ ባልደረባው ከቀን ወደ ቀን ሲከሳ የሚያየውን የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚመለከት ነው። እኛ ሐኪሞች ስላልሆንን ስለ ፈውሱ አንናገርም፤ ነገር ግን በዚህ ነገር ላይ ታሪክ የሰጠው አንድ ትልቅ ምስክርነት ስላለ እርሱን ለአንባቢ ማቅረብ የሚገባ መስሎ ታየን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

ሄሮይን ከኦፒየም የሚወጣ ሲሆን በ1898 ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ ለሳል መድኃኒት ይሆናል ብሎ ለገበያ አቀረበው። ጥፋቱ ከታወቀ በኋላ፥ በ1935፥ የአሜሪካ መንግሥት በኬንታኪ ግዛት በሌክሲንግተን ከተማ አጠገብ ለሱሰኞች የሚሆን ሆስፒታል ከፈተ። ይህ ስፍራ እኩሌታው ወህኒ ቤት፥ እኩሌታው እርሻ ነበር። በሽተኞቹ ከየከተማቸው ርቀው፥ በንጹሕ አየር እየሠሩና ላም እያለቡ ይታከሙ ነበር። ሰውነታቸው ከመርዙ ነጽቶ ይወጣሉ፤ ወደ ቀድሞው መንደራቸው በተመለሱ ጊዜ ግን አብዛኞቹ እንደ ገና ይጀምሩት ነበር። ከዚህም የተነሣ ሄሮይን አንድ ጊዜ የያዘውን ሰው ከቶ አይለቅም የሚለው አሳብ በሊቃውንቱ ዘንድ ሥር ሰደደ።

የቬትናም ጦርነት የመጣው ይህ አሳብ እንደ ጸና ነው። በ1971 በሜይ ወር ሮበርት ስቲልና ሞርጋን መርፊ የተባሉ ሁለት የሕዝብ እንደራሴዎች ከቬትናም ተመልሰው፥ በዚያ ካሉት የአሜሪካ ወታደሮች ከመቶ 10 እስከ 15 የሚሆኑት የሄሮይን ሱሰኞች ናቸው ሲሉ አስታወቁ። አገሪቱ ደነገጠች። መተኰስ የተማረ፥ ሱስም የያዘው ብዙ ሺህ ጐልማሳ ወደየከተማው ሊበተን ነው ተባለ። በተከታዩም ወር ፕሬዚዳንት ኒክሰን ይህን ነገር የሕዝብ ቀንደኛ ጠላት ብለው ሰየሙት፤ በዶክተር ጄሮም ጃፊ የሚመራ ልዩ መሥሪያ ቤትም አቋቋሙ። ወደ አገሩ የሚመለስ ወታደር ሁሉ ሽንቱ እንዲመረመር፥ መድኃኒቱ የተገኘበትም ከሰውነቱ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው እንዲቈይ ታዘዘ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ መሥሪያ ቤቱ በሴንት ሉዊስ ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩትን ሊ ሮቢንስን አማከረ። እኒህ ሴት በሴፕቴምበር 1971 ከተመለሱት ወታደሮች መካከል 900 ያህሉን በየአሉበት አስፈልገው አስጠየቁ። ከአምስቱ ወታደሮች አንዱ ቬትናም ሳለ ሱሰኛ እንደ ነበረ ተገኘ። የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከእነዚህ ሱሰኞች ውስጥ በተመለሱበት በመጀመሪያው ዓመት ዳግመኛ በሱስ የወደቁት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ፥ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፥ የተመለሱበት ቢቈጠሩ ከመቶ 12 አላለፉም። ከእነዚህም አብዛኞቹ ወደ ሐኪም እንኳ አልሄዱም።

ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው የሚለውን የአገራችንን ተረት እዚህ ላይ ለመጥቀስ ይቃጣናል፤ ነገር ግን መቸኰል አይገባም። በቬትናም ሄሮይን ንጹሕና ርካሽ ስለ ነበረ ወታደሩ ከሲጋራ ጋር ቀላቅሎ ያጨሰው ነበር፤ በአሜሪካ ግን ዋጋው ውድ፥ ፖሊሱም ብርቱ ነበር። ከዚህም ሌላ ወታደሩን ሄሮይን ያስጀመረው ብዙ ጊዜ የገዛ ጓደኛው ነው። እንግዲህ ማናቸውም ማኅበር ያድናል ለማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ የሌክሲንግተንን በሽተኛና የቬትናምን ወታደር ብናስተያያቸው ልዩነቱ ይገለጣል፤ የመጀመሪያው ከሱሱ የነጻው በባዕድ ስፍራ ሲሆን የተመለሰው ሱስ ወደ ያዘበት ሰፈር ነው፤ ሁለተኛው ግን ሱስ የያዘው በባዕድ አገር ነውና የተመለሰው ያለ ሄሮይን ወደሚያውቁት እናት፥ ሚስትና ጐረቤት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ሱስ የያዘውን ሠራተኛ ቶሎ አሰናብቶ ስሙን ከመዝገብ መፋቅ እንደ ጥበብ ሲቈጠር እናያለን፤ እንዲህ ያለው ሰው በማግሥቱ ከማን ጋር እንደሚውል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በካናዳም ብሩስ አሌክሳንደር የተባሉ የሥነ ልቡና መምህር ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በአይጦች ላይ ፈተና አደረጉ። ብቻቸውን በጠባብ ሣጥን የታሰሩት አይጦች፥ በሰፊ ስፍራ ተሰብስበው ከሚኖሩት ይልቅ ሞርፊን ያለበትን ውሃ አብዝተው ጠጡ። ሌሎች ሊቃውንት ፈተናውን ሲደግሙት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ውጤት ስላላገኙ፥ እኛም ከወታደሮቹ ታሪክ ያነሰ ዋጋ እንሰጠዋለን።

የሮቢንስን ቍጥር ብዙዎች ለማመን አልፈቀዱም ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ፥ በ1993፥ ሮቢንስ የወታደሮቹ ፈጥኖ መዳን እንዲያው አጋጣሚ ነውን፥ ወይስ የሚጠበቅ ነገር? የሚል ርእስ ያለው ጽሑፍ አሳተሙ። በዚህም ጽሑፍ፥ ሐኪሞች ስለ ሱስ የሚፈርዱት ወደ ሆስፒታል የመጡትን ብቻ አይተው እንደ ሆነ፥ በየቤቱ ሳይታይ የዳነውን ሰው ግን የሚቈጥረው እንዳልነበረ አመለከቱ።